ማርች አራት ቀን የተማረችው ክፍልፋይ

ሎሬታ ስታውፈር ሕጉን በቃሏ ታነበንበዋለች። በፔንስልቬንያ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ ቃለ መሐላ ያስገባል፣ መቶ ሰማንያ ቀን ያስተምራል፣ የእሳት አደጋ ትምህርት እንኳ አይቀርለትም። ያስተማረውንም ዕለት በዕለት ይመዘግባል። በዓመቱ መጨረሻ ገምጋሚ መዝገቡን አይቶ፣ ልጁን አነጋግሮ ይፈርማል። ፊርማው እስከ ጁን ሠላሳ ትምህርት ቢሮ ካልደረሰ ልጇ ኦፓል ወደዚያ ትምህርት ቤት መመለሷ ነው። ልጆቹ ስትንተባተብ ቃሏን ከአፏ እየነጠቁ ጨርሰውላት የሚንከተከቱበት ትምህርት ቤት! ሎሬታ በቁሟ እያለች? አይደረግም።

ጉዱ ያለው ገምጋሚዋ ላይ ነው። የወትሮዋ ገምጋሚ ወደ ኦሃዮ ስለሄደች በአካባቢው የቀረችው ወይዘሮ ክላይን ብቻ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ሎሬታን ራሷን ሁለተኛ ክፍል ስታስለቅሳት የከረመች።

ጁን አሥራ ሁለት ጠዋት መጣች። የቀረበላትን የፖም ኬክ ገፋ አድርጋ መዝገቡን ከፈተች።

"ያምራል። አንድ ስርዝ እንኳ የለውም።"

"ንጹሕ ሰው ነኝ። ጥፋት ነው?"

"ሁለተኛ ክፍል እያለሽ አልነበርሽም።"

ሎሬታ ደሟ ፈላ። ምን ያለችው መዥገር ናት!

አሮጊቷ ጠረጴዛው ጥግ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞረች። "ኦፓል፣ ክፍልፋይ ወደድሽ?"

"በጣም ትወዳለች" አለች ሎሬታ።

"አንቺን ጠየቅኩሽ?"

"እርስዎ ሲያጣድፏት አንደበቷን ይይዛታል!"

"ማን አጣደፋት? ሕጉ ልጅቷን አነጋግሪ ይላል፣ እናቷን አይልም።" ከዚያ የአሮጊቷ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። "ማርች አራት። ክፍልፋይ ሁለት ሰዓት፣ ንባብ አንድ ሰዓት።" መነጽሯን አወለቀች። "ማርች አራት የባልሽን አባት የቀበርንበት ቀን ነው። ከኋላችሁ ተቀምጬ ነበር።"

ሎሬታ ክው አለች። የዓመቱን መዝገብ ኦገስት ላይ ቁጭ ብላ ቀድማ ሞልታው ነበር። ሕጉን እንዲያ ስታነበንብ ዕለት በዕለት የሚለውን እንዴት ዘለለችው? ማስተማሩን ግን ጥርሷን ነክሳ አስተምራለች።

"ከቀብር መልስ ተምራለች። አይደል፣ ኦፓል?"

ኦፓል አሥር ዓመቷ ነው። እናቷን ቀና ብላ አየቻት። "አል... አልተማርኩም። እማዬ ኦ... ኦገስት ላይ ነው የጻፈችው።"

"ለማን ብዬ ነው የምቃጠለው? አንቺ ውለታ ቢስ!" ሎሬታ ጠረጴዛውን ደበደበች።

"አትጩኺባት። እኔ አንቺ ላይ የጮኽኩት ይበቃል።" አሮጊቷ እስክሪብቶዋን ለልጅቷ ሰጠቻት። "ያልተማርሽበትን ቀን ሰርዢ። የሆነውን ጻፊ።"

ኦፓል አንድ ሰዓት ሙሉ ስትሰርዝ ቆየች። ሎሬታ ከኋላዋ ቆማ አነበበች። አያቴ ተቀበረ። እማዬ ስታለቅስ ዋለች፣ ትምህርት የለም። እማዬ ከትምህርት ቢሮ ጋር በስልክ ተጣላች፣ ትምህርት የለም። ሲቆጠር መቶ ሰባ አንድ ቀን ቀረ።

"ዘጠኝ ቀን ጎደለ" አለች ወይዘሮ ክላይን ቦርሳዋን እያነሳች። "ጁን ሃያ ስድስት እመለሳለሁ። ከሞላ እፈርማለሁ። ልጅቷን ሳነጋግር ግን አንቺ ውጭ ትሆኛለሽ።"

"ከገዛ ቤቴ?"

"ከገዛ ቤትሽ።"

በሩ ሲዘጋ ሎሬታ "ጅብ!" አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺስ? እንዴት ታጋልጪኛለሽ? በዚያች ሴት ፊት!"

"እ... እዚያ ትምህርት ቤት..."

"አዎ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ሊመልሱሽ ነው!"

"እ... እሱን አላልኩም!" አለች ኦፓል። "እዚያ ል... ልጆቹ ሳልጨርስ ይነጥቁኝ ነበር። አን... አንቺም ት... ትነጥቂኛለሽ።"

ሎሬታ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም፤ የሚቀጥለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተይዞ ትታገለዋለች። ሎሬታ ቃሉን አውቃዋለች። ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።