ዜሮ የማይቀበለው ሳጥን

የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ «ጽዱ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት የቀረበለትን ሥራ ሁሉ «ጽዱ አድርጉት» እያለ ስለሚመልስ ነው። በሥሩ የምትሠራውን ዲዛይነር ይህ ቃል ያቅለሸልሻት ከጀመረ ቆይቷል።

ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ መመዝገቢያ ፎርም ስትነድፍ በየሳጥኑ ጎን ደንቡን ጽፋ ነበር፤ ምን ይቀበላል፣ ምን አይቀበልም፣ ሰው ሲሳሳት ምን ብሎ ይመልስለታል። ከዕድሜ ሳጥኑ ጎን ደግሞ «ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወር ይመዝገብ» ብላለች። ጽዱ ይህን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ሁሉ ጉድፍ ምንድን ነው? ደንበኛው የሚያየው ገጹን ነው። ፕሮግራመሩ እንደሆነ ይገባዋል።»

«አለቃ፣ ካልተጻፈለት በምን ይገባዋል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደንቦቹን አንድ ባንድ አጠፋቸው። በገጹ ላይ የቀረው ቢሮው ለሁሉም ሥራ የሚጠቀምበት የናሙና ሰውዬ ፎቶ ከነመረጃው ብቻ ነበር፤ ጺሙን ተከርክሞ የሚስቅ፣ ዕድሜው ሃያ ስምንት። ፎርሙ በዚሁ መልኩ ተሠርቶ ክሊኒኩ ሥራ ላይ አዋለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ ደወለች። ሁለት ወር ያልሞላው ልጇ አተኩሶት እዚያው ክሊኒክ ወስዳው መመለሷ ነበር።

«የእናንተ ፎርም ግን አድክሞኛል» አለች እየሳቀች። «ዕድሜ ዜሮ ስለው በቀይ ይጮህብኛል። ሰልፉ ረጅም፣ ልጁ ያለቅሳል፤ አንድ ብዬ አለፍኩት።»

ዲዛይነሯ ፎርሙን ራሷ ስለነደፈችው ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። ሐኪሙ ልጁን አይቶ የመድኃኒቱን ስም ይጽፋል፤ መጠኑን ግን ኮምፒውተሩ ከተመዘገበው ዕድሜ ወስዶ በጠርሙሱ ላይ ያትመዋል።

«ሰጠሽው?»

«ማንኪያው ላይ ቀድቼ ይዣለሁ። ምነው?»

«ድፊው።»

«እንዴ፣ አንቺ ደግሞ…»

«ድፊው አልኩሽ እኮ፣ እህቴ። የአንድ ዓመት ልጅ መጠን ነው።»

በስልኩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ዲዛይነሯ ለክሊኒኩ ስትደውል ፋርማሲስቱ መጀመሪያ የጠየቀው «አልሰጣችሁትም አይደል?» ብሎ ነው። በድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር። ያ ፍርሃት እስከ ንጋት አብሯት ቆየ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ከእህቷ ተቀብላ ጽዱ ቢሮ ገባች፤ ፕሮግራመሩንም ጠርታዋለች። የሆነውን ስትነግራቸው ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፋ። ጽዱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ስህተቱ የእህትሽ ነው። ያልሆነ ዕድሜ አስገቢ ያላት አለ?» አለ።

«እኔ ደንብ አልደረሰኝም» አለ ፕሮግራመሩ። «ዕድሜው ከስንት ይጀምር ብዬ ስጠይቅዎ ‹ሥዕሉን እይ› አሉኝ። ሥዕሉ ላይ ሃያ ስምንት ነው ያለው። ከአንድ ይጀምር ብዬ ገመትኩ።»

ጽዱ ተንፈስ አለና ገጹን ከፈተ። ሃያ ስምንትን አጥፍቶ ከሚስቀው ሰውዬ ፎቶ ሥር ዜሮ ጻፈ።

«ይኸው፣ ተስተካከለ።»

ፕሮግራመሩ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየው። «እና አሁን ሃያ ስምንት ዓመት የሞላውን ፎርሙ አይቀበለው?»

ማንም አልሳቀም። ዲዛይነሯ ጺማሙን የዜሮ ዓመት ሰውዬ አይታ ምራቋ መረራት። የእህቷ ልጅ ቢሞት እንኳ ይህ ሰው የሚቀይረው ፎቶውን ብቻ ነበር።

ጽዱ በዚህ መሐል ጠርሙሱን አየው። ሽሮፑ በአንገቱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቋል። በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገውና ጣቶቹን በሶፍት ጠረገ።

«አሁን የክሊኒኩ ሰዎች ይመጣሉ። ይሄን ነገር አንሺልኝ፣ ጠረጴዛውን ያቆሽሻል።»

«አላነሳም» አለች። «ደንቦቹ ወደ ገጹ እስኪመለሱ እዚያው ይቆያል። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁዎት፣ ጽዱ አድርገው ያስረዷቸዋል።»

ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። በኮሪደሩ የእንግዶቹ ኮቴ እየቀረበ ነበር።