የጋውኑ ቁልፍ

«ፈርሞ ያስገባት እሱ ነው» ብላ የሟች ሚስቱ እህት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሹፌሩ ሰማ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ከኋላ ወንበር የሚወራ አያመልጠውም። «ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ የልብ ክፍል ያስገባታል? ሌላ ሆስፒታል ቢሞክር ምን ነበረበት?»

አንገቱን ደፋ። ሦስት ቀን ሙሉ እሱም ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለጭንቅላትና ለነርቭ በሽተኞች የተለየው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞልቶ፣ የተገኘው በልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለ አንድ አልጋ ብቻ ነበር። «ትግባ ወይስ ይጠብቃሉ?» አሉት። ሚስቱ ቃሬዛ ላይ ተኝታ እያየችው ምን ይበል? ፈረመ።

ይህን ያደረገው ደግሞ የማን ባል ሆኖ! ሚስቱ እኮ ከወንድ ሙሉ ልብስ በቀር ሌላ የማትነካ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቀሚስ ይዛ የመጣችውን ሁሉ «ለሚያውቀው ስጪው» ብላ ትሸኛለች። አንዴ ብቻ፣ ሠርጓ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰፊዋ የከዳቻት ሙሽራ ደጇ ላይ ስታለቅስ አንጀቷ አልችል አለና ቬሎ ሰፋች። ሰፍታ ፈታች፣ ፈትታ ሰፋች። ያም ሆኖ አንዱ ትከሻ ትንሽ ተንጋደደ። ሙሽራዋ ደስ ብሏት ለብሳው ሄደች፤ ሚስቱ ግን ወር ሙሉ ያንን ትከሻ እያነሳች ባሏን ስታደነቁረው ከረመች።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ገባች። ሹፌሩ ወዲያው አወቃት፤ የልብ ክፍሏ ነርስ ናት። በቀጥታ ከሥራ ስለመጣች ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች።

«እግዜር ያጽናዎት አባባ» ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትደብቂኝ። የጭንቅላቶቹ ክፍል ብትገባ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«እንደሳቸው የታመሙ ሰዎች እዚያ ሲገቡ የተሻለ ይድናሉ። የዚያ ክፍል ሰዎች ቀን በቀን የሚያዩት ይህንኑ በሽታ ነው። እኔ የልብ ምት ሲዛባ ከማሽኑ ቀድሜ አውቃለሁ። የእሳቸውን ግን በየሰዓቱ ላይኛው ፎቅ ለጭንቅላት ክፍሎቹ እየደወልኩ ‹አሁን ምናቸውን ልይ?› እያልኩ ነበር። ዓይናቸውን በባትሪ አየሁ፣ እጃቸውን አስጨበጥኩ። አንደኛው የዓይናቸው ብሌን ሲሰፋ እነሱ ምናልባት ከኔ ቀድመው ያዩት ነበር። ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ አይተርፉም ብዬም አልዋሽዎትም። ግን አባባ፣ ባይፈርሙ ኖሮ ኮሪደር ላይ ነበር የሚሞቱት። እነዚያን ሁለት ቀናት ያገኙት ስለፈረሙ ነው።»

የሟች እህት አፏን በእጇ ያዘች። ሹፌሩ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እንባውን ሲጠርግ ዓይኑ ጋውኑ ላይ አረፈ። የላይኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ቀን፣ ምላሷ ሳይተሳሰር፣ ሚስቱ የሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና መጀመሪያ ያየችው ያንን ቁልፍ ነበር። «ይሄን የሰፋው ማነው? ቆይ፣ ልነሳና እሰፋልሻለሁ» ብላ ነርሷን አስቃት ነበር።

«እስካሁን አላሰፋሽውም?» አላት።

«እሰፋልሻለሁ ብለውኝ ነበራ» አለች ነርሷ።

ተነስቶ የሚስቱን የመርፌና የክር ቆርቆሮ አመጣ። ክሩ አልገባ አለው። የሟች እህት መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች፣ መርፌውን ከእጁ ወስዳ ክሩን አስገባችና መለሰችለት።

«ድርብ አድርጌልሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «እሷም በድርብ ነበር የምትሰፋው።»

«እንግዲህ ሙያዬ አይደለም» አላት ሹፌሩ ነርሷን፣ ጋውኑን ተቀብሎ መስፋት እየጀመረ።

«አውቃለሁ አባባ።»

ቁልፉ ትንሽ ተንጋዶ ተቀመጠ። ነርሷ ጋውኑን እዚያው ለበሰችና እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው።