የአማቴ ሁለተኛ ሚሳይል

የሚስቴ አባት ጄኔራል ጌርማን ሳቪች ከመጀመሪያውም ዓይንህን ለአፈር ያለኝ ሰው ነው። ከሱ ልርቅ ብዬ ጠፈር ድረስ ብወጣም ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ሆነብኝ።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ፣ ሥራ ካቆመ ዓመታት ያለፈውን አንድ ሳተላይት «ጠላት ይየን» ብሎ በሚሳይል አፈነዳው። ስብርባሪው እኛ ባለንበት የጠፈር ጣቢያ አጠገብ በየዘጠና ደቂቃው ያልፍ ጀመር። እኔና ጣሊያናዊቷ ባልደረባዬ ኦርኔላ ወደ ምድር በምትመልሰን መንኮራኩር ውስጥ ጉልበታችንን አጥፈን ተሸጎጥን። አልዋሽም፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ይባስ ብሎ ሁለተኛው ሚሳይል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊተኮስ ነው። የመጀመሪያውን ብናመልጥ የሁለተኛው ስብርባሪ ወንፊት ያደርገናል።

ደወልኩለት።

«አየኸው፣ ሮዲዮን?» አለ በደስታ። «አያምርም?»

«ጌርማን ሳቪች፣ እኛው ላይ እየመጣ ነው እኮ!»

«አታካብድ። ለውዝ የምታክል ቁራጭ ናት።»

«ለውዟ ከጥይት አሥር እጥፍ ትፈጥናለች!»

«እንግዲያው ጠጋ በልላት! የማርሽ ባንዱ ተሰልፏል፤ ምን ብዬ ልበትነው?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

«ከሱ በላይ አለቃ የለም?» አለችኝ ኦርኔላ።

አለ እንጂ። ሚስቱ ክላቭዲያ ፔትሮቭና ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ባለው የበጋ ቤታቸው ኪያር በጨው ውሃ ስትዘፈዝፍ አገኘኋት።

«እማማ፣ ጌርማን ሳቪች ሁለተኛውን ከተኮሱ ልጅዎ ባሏን አጣች ማለት ነው።»

ከዚያ የብርጭቆ መሰበር ድምፅ ሰማሁ።

«ያ ሽማግሌ! ለኔማ ‹ልምምዱ ወረቀት ላይ ነው› ነው ያለኝ! ቆይ ልጄ፣ ጫማዬን ላጥልቅ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ነገር የጣቢያውን ግድግዳ ቋ አደረገው። ኦርኔላ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ግድግዳው ግን አልተበሳም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሩብ ጉዳይ ለአሥር ሆነ። እንደገና ደወልኩ።

«ተኮሱት?»

«በምን ልተኩሰው?» አለ ጄኔራሉ በሹክሹክታ። «ክላቭዲያ የመተኮሻው ቁልፍ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብላለች። ወታደሮቼን ኪያር እያበላች ነው። እኔን ደግሞ ‹ቤት ስንገባ እንነጋገራለን› ብላኛለች።»

ሳቄን ዋጥኩት።

«ሮዲዮን፣» አለ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ መንኮራኩር ሦስት ወንበር አይደል ያላት?»

«እዚህ እኮ ስብርባሪው ለዓመታት ያልፋል፣ ጌርማን ሳቪች።»

«ይለፍ!» አለ። «ይለፍ፣ ጎንበስ እላለሁ።»