ከተነሱ በኋላ ወደ ግራ

3.

ወደ ቀኝ ዞርን።

ቁጥር 1ን እና 2ን አትፈልጉ፤ ሰርዣቸዋለሁ። ሁለቱም በይቅርታ ነበር የሚጀምሩት። አናደዱኝ።

4. የሆነውን በአጭሩ ይግለጹ

ረድኤት እባላለሁ፣ ረዳት አብራሪ ነኝ። ካፒቴኑ ሽመክት ይባላሉ። ተራራ ከከበበው አንድ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ በደመና ተነሳን። ደመና ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ማረፊያ የራሱ የመነሻ መመሪያ አለው። እስከዚህ ከፍታ ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ከዚያ በዚህ በኩል ዙር ይላል። የዚህኛው በቅርቡ ተቀይሯል። በስተቀኝ ያለው ኮረብታ ላይ የስልክ ማማ ስለተተከለ፣ ድሮ በቀኝ የነበረው መዞሪያ አሁን በግራ ነው።

ካፒቴን ሽመክት በድሮው ዞሩ።

ይኸው ነው። ቅጹ የሰጠኝ ቦታ እንኳ ተረፈኝ።

5. የሆነውን በአጭሩ ይግለጹ

እሺ፣ አላጠረም።

ከመነሳት በፊት መመሪያው ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። አንዱ ያነባል፣ ሌላው እያየ ያመሳክራል። እኛ ዘንድ ግን አንጋፋው ካፒቴን "እንደተለመደው" ይላል፣ ረዳቱ "እሺ" ይላል፣ አለቀ። "ያንብቡልኝ" ማለት ታላቅን እንደ መፈተን ይቆጠራል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ከተጻፉት ሁሉ የሚከበረው ግን እሱ ነው።

እሳቸው "እንደተለመደው" አሉ። እኔ አዲሱ መመሪያ ወደ ግራ እንደሚል፣ ኮምፒዩተሩ ላይም እንዳስገባሁት ነገርኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሱና በእጃቸው፣ በትዝታቸው አበረሩት።

6. ግልባጭ

(ከራሴ ትውስታ። የድምፅ መቅጃው አሮጌ ነው፤ አዲስ አበባ እስክንደርስ በራሱ ላይ ደራርቦ ቀድቶበታል።)

እኔ፦ ካፒቴን፣ የኮምፒዩተሩ መስመር ወደ ግራ ነው የሚያሳየው።

ካፒቴን፦ አየሁት።

እኔ፦ እየዞርን ያለነው ወደ ቀኝ ነው፣ ካፒቴን።

ካፒቴን፦ ረድኤት፣ ይህን ተራራ አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው።

እኔ፦

ማሽኑ፦ ፑል አፕ። ፑል አፕ።

መሬት ሲቀርብ እንዲህ ይጮኻል፤ ከፍ በል ማለቱ ነው። ማሽኑ አንቱ አይልም። እሱን ሰሙት፣ መሪውን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ወጣን። ማማውን አላየነውም። በየት በኩል እንዳለፍነው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ስናርፍ ተሳፋሪው አጨበጨበ። አንዲት እናት ሲወርዱ ካፒቴኑን "እጅዎ ይባረክ" አሏቸው።

"አሜን" አሉ።

7.

ማታ ደወሉልኝ። የበረራ መረጃ የሚይዘው ሳጥን መዞራችንን መዝግቧል፣ ለምን እንደዞርን ግን አልመዘገበም፤ ያንን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ሪፖርቱ ላይ የድሮውን መመሪያ ኮምፒዩተሩ ላይ ያስገባሁት እኔ እንደሆንኩ እንድጽፍ ለመኑኝ።

"አንቺ ልጅ ነሽ፤ ትንሽ ሲሙሌተር ላይ ያለማምዱሻል፣ ትመለሻለሽ" አሉ። "እኔ ጡረታዬ ደርሷል። ዕድሜዬን ሙሉ አብርሬ በዚህ ስም አልውጣ፣ ልጄ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጎን ንፋስ ባለበት ማረፍን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

8.

አባቴ ደወለ። ማን እንደነገረው እንጃ። እንደ አባት የሚቆጠር ሰው በእርጅናው አይዋረድም አለኝ። አክስቴ ደወለች። አብራኝ የሠለጠነች ጓደኛዬ ሳትቀር፣ ከአንጋፋዎች ጋር ከተቃቃርሽ ማን አብሮሽ ይበራል አለችኝ።

ስለ ማማው የጠየቀኝ የለም።

አንድም።

9. መመሪያ ለአንባቢ

መቀመጫህን ቀና አድርግ። ቀበቶህን እሰር። ጠረጴዛህን እጠፍ። መስኮቱ ነጭ ከሆነ አትጨነቅ፣ ደመና ነው።

ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች እየተከባበሩ ነው።

10.

የበረራ ደህንነት ክፍሉ አቶ ደርበው ሪፖርቴን እየጠበቁ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት አሉ። በአንዱ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ደስ ይለዋል። በሌላው የተሳሳቱት ካፒቴን ሽመክት ናቸው፤ እውነት ነው። አንዱ ሪፖርት እስኪገባ ድረስ ከበረራ የሚታገድ ሰው እንደሌለ አቶ ደርበው ነግረውኛል። ያን ጊዜ ይህን ለበጎ ነበር የሰማሁት።

11.

አሁን ስልኬ ጮኸ። ናርዶስ ናት፣ አዲሷ ረዳት አብራሪ፤ ገና መጀመሯ ነው። ነገ ጠዋት ከካፒቴን ሽመክት ጋር ተመድባለች። ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳት።

ወደዚያው ነው።

"በጣም ጥሩ ሰው ናቸው ይባላል፣ እውነት ነው?" አለችኝ።

"ናቸው" አልኳት።

"ተመስገን። ፈርቼ ነበር። በቃ እሺ እያልኩ ብበር ነው የሚሻለኝ፣ አይደል?"

ሁለቱም ወረቀቶች ፊቴ ናቸው።

"ናርዶስ" አልኳት፣ "ነገ ከዚያ ከተነሳችሁ በኋላ ወደ ግራ ነው፤ እሺ ከማለትሽ በፊት ያንብቡልኝ በያቸው።"