ጥርት ያለው ውሃ

«ንጹህ ከሆነ ታዲያ ለምን ገደለው?»

መምህርቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ዞር አለች። የጠየቀችው ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄ ስለምታበዛ ክፍሉ በሙሉ «ወይዘሪት ለምን» ይላታል። ዛሬ ከሁለት ሳምንት በኋላ መመለሷ ነው። ጎርፍ ሰፈራቸውን ባጥለቀለቀ በአምስተኛው ቀን የስምንት ወር ወንድሟ በተቅማጥ ሞቶባታል።

ሰሌዳው ላይ «ከበሽታ ለመዳን ንጹህ ውሃ እንጠጣ» የሚል ተጽፏል። ማንም አልሳቀም። መምህርቷ ደወሉ እስኪደወል ነገሩን በሌላ ወሬ ሸፋፈነችው፤ ልጆቹ ሲወጡ ግን ልጅቷን አስቀረቻት።

«የቱ ውሃ ነው ንጹህ የነበረው?»

«የጉድጓዱ። እማዬ የቧንቧውን አፍልታ አስቀምጣለት ጭቃ ልትጠርግ ወጣች። ሳየው ቡናማ ነው፣ ከሥሩም ዝቃጭ አለው። ደፋሁት። ከጎረቤት ጉድጓድ ቀዳሁና በብርጭቆ አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው፤ እሱን አጠጣሁት። አንቺ እንዳሳየሽን ነው ያደረግኩት፣ ቲቸር።»

መምህርቷ ያ ትምህርት ትዝ አላት። ጎርፉ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ አንዱን በአፈር በጥብጣ፣ «ይሄ ቆሻሻ፣ ይሄ ንጹህ» ብላቸው ነበር። የጠራውም ንጹህ ይባላል፣ ጀርም የሌለበትም ንጹህ ይባላል። ጀርም በዓይን እንደማይታይ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልታስተምር አስባ ነበር፤ ጎርፉ ቀደማት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሃያ ዓመት ስታስተምር «ንጹህ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ተጠራጥራው አታውቅም።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለች ልጅቷ። «ትጠላኛለች።»

መምህርቷ እሺ ልትል ፈልጋ ነበር፤ ግን አላለችም። ቦርሳዋን አንስታ ልጅቷን ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች።

ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጭቃ እንደተለቀለቀ ነው። ፍራሹ አጥር ላይ ተሰጥቷል። እናቲቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የደረቁ የሕፃን ልብሶች ታጥፋለች፤ አጥፋ ትጨርስና እንደገና ትዘረጋቸዋለች።

«እንኳን መጡ፣ መምህር» አለች ብድግ ብላ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሃ ስንት ደቂቃ ነው መፍላት ያለበት?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«ተንተክትኮ ነበር። ጋዙ እንዳያልቅብኝ ብዬ ቶሎ አወረድኩት። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጄን ለጋዝ ስስቼ ገደልኩት።»

ልጅቷ ከመምህርቷ ጀርባ ተሸሽጋ የመምህርቷን ቀሚስ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። መምህርቷ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ልጅቷም ትድናለች፣ እሷም ትድናለች። ይህች ሴት ግን ዕድሜ ልኳን ደቂቃ ስትቆጥር ልትኖር ነው።

«ውሃው በደንብ ፈልቷል» አለች መምህርቷ። «ሕፃኑ የጠጣው ግን እሱን አይደለም። ልጅዎ ስታየው ቆሻሻ መሰላትና ደፋችው፤ የጠራ የጉድጓድ ውሃ ሰጠችው። የጠራ ሁሉ ንጹህ ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሚወቅሱ ከሆነ እኔን ይውቀሱኝ።»

እናቲቱ እጇ ላይ ያለውን ልብስ አስቀመጠች። መምህርቷ ስድቡን ጠበቀች፣ ጩኸቱንም ጠበቀች። እናቲቱ ግን ከእሷ አልፋ ወደ ኋላዋ ነበር የምታየው።

«ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን ይዘሽው ነው?» አለች።

ከመምህርቷ ጀርባ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። እናቲቱ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ግን ቀሚሱን አልለቅም አለች። መምህርቷም ዞረችና ትንንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።