ያልደረሰው ውጤት

ናኢማ የሻዩን ትሪ ከእጇ ሳታስቀምጥ እንግዳው ወረቀት ዘረጋላት። እህቷ ጁወይሪያ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ዱዓ ያደረጉት ሽማግሌዎች ገና ከድንኳኑ መውጣታቸው ነው።

«አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አለ እንግዳው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዶክተር ኃይለመስቀል እባላለሁ፤ ተመራማሪ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ከአራት ዓመት በፊት ለጥናት ከቤተሰባችሁ ደም ወስደን ነበር። የእህታችሁን መሞትና እንዴት እንደታከመች ከክሊኒኩ የሰማሁት ዛሬ አሰላ ከገባሁ በኋላ ነው።»

ናኢማ አልረሳችውም። ያን ቀን በታላቅ ወንድማቸው በሀሰኖ ግቢ ዘጠኝ ሰው ተሰልፎ ክንዱን ሰጥቷል። ጁወይሪያ እየሳቀች «ከተረፈ ለጎረቤት አካፍሉት» ብላ ነርሷን አስቃታለች። ሲሄዱ ውጤቱን እንልካለን አሉ። በዚያው ቀሩ።

ጁወይሪያ አሰላ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ከነጋዴ ሁሉ ቀድማ የምትከፍት፣ ጣቃውን ብቻዋን የምታወርድ ሴት ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ራሷን አሟት አንድ ክሊኒክ ሄደች፤ አንገትሽ ላይ ያለው እጢ የሚያመነጨው የታይሮይድ ሆርሞን በጣም ከፍ ብሏል አሏት። አመመኝ ያላለችውን አንገቷን በመድኃኒት አከሙት። ቁጥሩ አልወርድ ሲል እጢውን ቆርጠው አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የምትውጠው የሆርሞን ኪኒን ታዘዘላት። በየክትትሉ ግን ቁጥሩ እንደገና ከፍ ይላል፤ ኪኒኗን ይቀንሱታል። መጀመሪያ ግማሽ አደረጉት፣ ቀጥሎ ሩብ። ጁወይሪያ ፊቷ አበጠ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ሱቋ ውስጥ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ናኢማ ከምታስተምርበት ከሲሬ በመጣች ቁጥር «አሁንም ተኛሽ? ምን ዓይነት ስንፍና ነው?» ትላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ራሷን ሳተች፤ አልነቃችም።

«ደሟ ምን ነበረበት?» አለች ናኢማ።

ዶክተሩ ተቀመጠ። «በሽታ አልነበረባትም። በእናንተ ዘር ሆርሞኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ከሌላው ሰው በርከት አድርጎ ይይዛል። የተለመደው ምርመራ ይህን ሲለካ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ሰውየው ግን ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ እጢዋ?»

«መውጣት አልነበረበትም። ኪኒኑም መቀነስ አልነበረበትም። እጢ የሌለው ሰው ሆርሞኑ ሲያንሰው ሰውነቱ ይዝላል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲብስም ይገድለዋል።»

«ይህን መቼ አወቃችሁ?»

«ሦስት ዓመት ሆነን።»

«ለማን ነገራችሁ?»

«የጥናቱ ጽሑፍ በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ለቤተሰቡ የማድረስ ሥራ የክሊኒኩ ነው ብለን…»

«ጁወይሪያ አንብባው ትድናለች ብላችሁ ነው?»

ሀሰኖ ከጥግ ሆኖ «ናኢማ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ነው» አላት።

«ለቅሶ ሊደርስ አልመጣም፣ ጋሼ። ደም ሊወስድ ነው የመጣው። ወረቀቱን እየው፤ እንደገና ደም ለመስጠት ፈርሙ ይላል።»

ዶክተሩ አልካደም። ከደማቸው ሴሎች ተነሥተው የታይሮይድ ሥጋ በላቦራቶሪ ለማሳደግ እየሞከሩ መሆኑን ነገራቸው። አንድ ቀን እጢው ለወጣለት ሰው ሊተከል ይችል ይሆናል።

«ጤነኛውን ቆርጠው ጣሉት» አለች ናኢማ። «እናንተ ደግሞ እያወቃችሁ ዝም አላችሁ። አሁን ሌላ ልታበቅሉ ነው። ለማን? ሶፊ፣ ነይ እስቲ።»

የጁወይሪያ ልጅ ሶፊ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ መጣች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው።

«ልጇ ናት። የእሷም ቁጥር ከፍ ብሏል ተብሎ ሐሙስ አንገቷን ቀደው እጢዋን ሊያወጡ ቀጠሮ ይዘዋል።»

ዶክተሩ ብድግ አለ። «እንዳትሄድ።»

«እኔ አትሄድም ብል ማን ይሰማኛል? እርስዎ ይጻፉ። አሁን፣ እዚሁ።»

ጻፈ። የልጅቷን ስም፣ የደሙን ነገር፣ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልጋት በፊርማው አስቀመጠ። ለቀዶ ሐኪሙም ስልክ ደወለ፤ ናኢማ ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው አዘዘችው። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ብዙ ተከራክሮ በመጨረሻ «ሰርዘነዋል» ሲል ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሰማ።

ናኢማ ያልተፈረመውን ቅጽ አጥፋ መለሰችለት።

«የዘጠኛችንንም ውጤት በየስማችን ይዘው ይምጡ። ስለ ደም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ዶክተሩ። ሀሰኖ ብቻ ተነሥቶ እስከ በር ሸኘው።

ሶፊ ምንጣፉ ላይ ከአክስቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማ ሰነፍ አልነበረችም ማለት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

ናኢማ ሁለት ጣቶቿን በልጅቷ ጉሮሮ ላይ በቀስታ አሳረፈች። ሶፊ እንባዋን ስትውጥ እጢዋ ከጣቶቹ ሥር ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ሌላ ለቀስተኛ ገብቶ «ሰብር ይስጣችሁ» ሲል ናኢማ ራሷን ዝቅ አድርጋ ብቻ መለሰችለት፤ እጇን አላነሳችም።