ስሂን ህንድ የሄደች ጊዜ

«ህንድ የሄደች ጊዜ ነው እኮ ያለቀላት» አለች ወይዘሮ ውብነሽ፣ ድምጿን የቀነሰች መስሏት። አልቀነሰችም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ኪችን የተወራ ሳሎን ሳይደርስ አይቀርም። ተክለሃይማኖት ግድግዳውን ተደግፎ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ቀና ግን አላለም።

ሚስቱን ስሂንን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሥራ ስትመለስ ዊተን አውቶቡስ ስትጠብቅ ወድቃ በዚያው ቀረች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ድንገት ደም ፈሰሰ ብለው ነገሩን ዘጉት። ለቀስተኛ ግን ድንገት የሚባል ነገር አይዋጥለትም። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ሳምንት ህንድ ከርማ አልመጣችም? የኛ ሰው ህንድ የሚሄደው ደግሞ ለኩላሊት ነው፣ ለልብ ነው፣ አገር ቤት ያቃተው በሽታ ሲይዘው ነው። ለጥልፍ ህንድ የሄደ ሰው ማን አይቶ ያውቃል?

«ደብቃው ነው» ቀጠለች ውብነሽ። «እንዳይጨነቅባት ብላ ነዋ፣ ምስኪን።»

ክፋት እንኳ የላትም፤ ሦስቱንም ቀን ሰሃን ስታጥብ የዋለችው እሷ ናት። ግን ነገሯ ተክለሃይማኖትን ከነከነው፤ እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነበርና።

ስሂን ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሠርግ የደገሱ ህንዶች ልብስ ላይ የወርቅ ክር ጥልፍ አየችና ሳታስበው እጇን ሰዳ ዳሰሰችው። የሙሽራዋ አክስት አልተቆጣችም፤ ጭራሽ አስቀምጣ አጫወተቻት። ላክናው በሚባል ከተማ ያለው የቤተሰቧ ቤት፣ ለዘመናት የወርቅና የብር ክር በከፋይ ላይ ሲጠለፍበት የኖረ ነው። ማሽን መጥቶ ባለእጆቹን ሲበትናቸው አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ዘበኛ ሆነ። ኋላ ቤተሰቡ ቤቱን ለቱሪስት ከፈተው። እንግዳው ፎቶ አንስቶ ብቻ አይሄድም፤ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ እየጠለፈ ይከርማል። ሽማግሌዎቹም ሥራቸውን የሚፈልግ ሰው ሲያዩ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ልጆቻቸውም ተከተሉ።

ይህን ስትነግረው ዓይኗ ያበራ ነበር። እኔም ሄጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ አለችው። ተክለሃይማኖት «ሂጂ፣ የኔ እመቤት» አለና፣ ደልስ ኤርፖርት ሸኝቷት ሲመለስ ፓርኪንግ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በሽታዋ ምን እንደሆነ እንኳ ሳትነግረው ሄደች።

ስትመለስ ሻንጣዋን በረበረ። መድኃኒት የለም፤ ጥቅል ጥቅል ክር ብቻ። ጥሩ አድርጋ ደብቃዋለች አለ በልቡ። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ አላሸከማትም። ጠዋት ሻይዋን አልጋዋ ድረስ ወሰደላት፣ ስትነሣ አልጋዋን አነጠፈላት፣ ማታ ስትገባ እግሯን አጠባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥልፍ ልሠራ ብላ አሌክሳንድሪያ ስትሄድ፣ ሐኪሟ ጋ መሆኑ ነው ብሎ ሸኛት። እሷ ለእሱ ብላ ከደበቀች፣ እሱም ለእሷ ብሎ ማወቁን ደበቀ። አምና፣ አብረን ላክናው እንሂድ፣ ለአንተም ቦታ አይጠፋም ስትለው፣ መጀመሪያ አንቺ ደህና ሁኚልኝ አላት። ሳቀች።

አሁን እንቅልፍ የነሳው ሞቷ ብቻ አይደለም። ታማ ከነበረ፣ ሁለት ዓመት ብቻዋን ፈርታለች ማለት ነው፤ እሱ አጠገቧ ተኝቶ «አውቃለሁ፣ አይዞሽ» ማለት አቅቶት። ይህን ሲያስብ እንባው እምቢ ይለዋል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ቤቱ ሙሉ ጥቁር ለብሶ በተቀመጠበት፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሰች ህንዳዊት ሴትዮ ትልቅ ጥቅል አቅፋ ገባች። ወዲያው ከኪችን በኩል ዶክተሯ መጣች የሚል ሹክሹክታ ተነሥቶ ሳሎኑን ዞረ።

ተክለሃይማኖትም ከዚያ ሌላ አልታየውም። ሦስት ቀን ለማንም ያልተነሣው ሰውዬ ተነሥቶ ቆመ፤ ልጁን ኤፍራታንም ጠራት።

«ጠይቂልኝ» አላት። «እናትሽን ምኗን ነበር ያመማት? ከመቼ ጀምሮ ታውቅ ነበር?»

ኤፍራታ ከሴትዮዋ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግራ ዞረች። «ዳዲ፣ ዶክተር አይደለችም። ኒርማላ ነው ስሟ፣ ያቺ ሆቴሉ ውስጥ ያገኘቻት የሙሽራዋ አክስት፤ የማሚ የጥልፍ ቲቸር ናት። ነጩ የሐዘን ልብሳቸው ነው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜስ?»

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አለች ኒርማላ በኤፍራታ አፍ፣ ከፋዩ የሚወጠርበትን ረጅም እንጨት ሳሎኔ መሐል ዘርግተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጠልፍ እንውላለን። እንጨቱን ከቤዝመንት በትከሻዋ የምታወጣው ስሂን ነበረች። የታመመ ሰው አላየሁም። ከዚያ ጥቂት አመነታችና ኤፍራታን በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ኤፍራታን ሳቅና እንባ አንድ ላይ ተናነቃት።

«ምን አለች?»

«ማሚ ታውቅ ነበር፣ ዳዲ። ታማለች ብለህ እንደምታስብ ታውቅ ነበር። ልትነግርህ ነበር፤ ከዛ ግን ‹ሃያ ዓመት የሰው አልጋ ሳነጥፍ፣ ለእኔ ያነጠፈልኝ እሱ ብቻ ነው። ትንሽ ልታመምለት› ብላ ተወችው።»

ተክለሃይማኖት ሳቀ። ሐዘን ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ድምፅ አውጥቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ሦስት ቀን የተቋጠረው እንባ መጣ። «አንቺ ተንኮለኛ» ይላል እያለቀሰ፣ «አንቺ ተንኮለኛ»። ወይዘሮ ውብነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ከኪችኑ በር ላይ ቆማ ቀረች።

ሲረጋጋ ኒርማላ ጥቅሉን ፈታችው። ወይን ጠጅ ከፋይ ካባ ነው፣ በእሱ ልክ የተቆረጠ። ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ሲጋቡ ካባ አልለበሱምና፣ ለሠላሳኛ ዓመታቸው ልታለብሰው ኖሯል። አንዱ ትከሻ በወርቅ ክር ሐረግ ተሞልቷል፤ በሌላኛው ላይ ሐረጉ መንገድ ላይ ቆሞ መርፌዋ እንደተሰካ ነው። ባለእጅ ሲሞት፣ አለች ኒርማላ፣ በኛ ቤት መርፌውን የሚነቅለው የገዛ ቤተሰቡ ነው። አንዲት ስፌት ይጨምርበታል፤ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።

አንዲት አሮጊት ሐዘን ሳይወጣ መርፌ አይነካም ብለው አጉረመረሙ። ውብነሽ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች፤ ሄዳ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጠችለት።

ተክለሃይማኖት መነጽሩን አደረገ። ካባውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መርፌውን ነቀለና፣ ኒርማላ በጣቷ ባሳየችው ቦታ ወጋ፣ ሳበ። ክሩ ጠመም ብሎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ በቂ ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። እሱ ግን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ከስሂን ስፌት ጋር አስተያየው።

«አይ፣ ይህን አትቀበለኝም» አለና ፈትቶ እንደገና ጀመረ።